ዳር ላይ ያለ ቤት፣ መሃል ላይ ያለ እንጀራ

 

እዚህ ወሎ፣ ሐራ ላይ ይህን ግብዣ ያቀረቡት ወጣቶች የጠየቁት አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ከከተማው ዳር ቤት መያዝ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ጥያቄው ለዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ከሐራ፣ ከግራና ወይም ከውርጌሳ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ ዛሬ የሚያርፈው ፒያሳ ወይም ካሳንቺስ አይደለም። ኮዬ ፈጬ ያለ የአጎቱ ልጅ ጋ ነው፤ አለበለዚያም ቦሌ አራብሳ ክፍል የተከራየ የአገሩ ልጅ ጋ ይደርባል። አረብ አገር ከርማ የመጣች እህትም ያጠራቀመችውን ብር ይዛ ደላላ ስታነጋግር፣ የሚያሳያት ቦታ ወይ ወልድያ ዳር ነው፣ ወይ ለገጣፎና ሰበታ ዙሪያ ነው። ልጆቻችሁ ቢሄዱም ባይሄዱም የከተማ ዳር ጉዳይ ቤታችሁ ገብቷል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግር አንድ ሐሳብ ይዞ ይነሳል፤ እሱኑም ይደጋግመዋል። ከተማ ዳር ያለ ቤት ዋጋው ቁልፍ ሲረከቡ ተከፍሎ አያልቅም። የቀረው ዋጋ በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ላይ ይከፈላል። ስለዚህ ዳር ወጥቶ የሚጠቀመውን ከሚጎዳው የሚለየው የቤቱ ስፋት አይደለም፤ የሰውየው እንጀራ ያለበት ቦታ ነው። ይህን በቤቱ፣ በመንገዱ፣ በጉርብትናውና በመሬቱ በኩል ተራ በተራ እናያለን። በመጨረሻም ወደዚችው ወደ ሐራ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ቤቱ።

ሰው ወደ ዳር የሚወጣው መሃሉን ጠልቶ አይደለም፤ መሃሉ ላይ ቤት አጥቶ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ ለመሃል አዲስ አበባ ድሃ የደረሰው የቀበሌ ቤት ነበር። ኪራዩ በወር ጥቂት ብር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ኪራዩ ሳይጨምር ቤቱም ሳይታደስ ዘመናት አለፉ። ሆኖም የቀበሌ ቤት አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው። ከበር ወጣ ሲሉ ገበያው፣ ሥራው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስበት ነበር።

በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ተጀመረ። ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ገርጂ ላይ ሆነ። በ1997ቱ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ሲከፈት 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ መደቦች መጡ። 20/80 ማለት ተመዝጋቢው 20 በመቶውን በባንክ ቆጥቦ ያስገባል፤ 80 በመቶውን ባንክ አበድሮት በረጅም ጊዜ ይከፍላል። ቤት ፈላጊው ግን ከግንባታው እጅግ ይበልጥ ነበር። እናት ሆና የተመዘገበች አያት እስክትሆን ቆጥባለች። ዕጣው ራሱ ያስጨነቀበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ተሰርዞ፣ ኅዳር 2015 ላይ እንደ አዲስ ወጥቷል። ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ አይተው እልል ካሉ በኋላ ስሙ የጠፋባቸው ቤተሰቦች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ቤቶቹ ለምን ዳር ተሠሩ? ሰፊና ለመንግሥት ርካሽ የሆነ መሬት ያለው ዳር ስለሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂቶቹ መሃል ተሠሩ። ቀጥሎ ጀሞ፣ ሰሚት፣ አያት መጡ። ከዚያ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። በየዙሩ ብሎኮቹ ከመሃሉ እየራቁ፣ ተመዝጋቢውም እየራቀ ሄደ።

የዳሩን ጥቅም አሳንሶ ማየት ግን ስህተት ነው። ተከራይ ሆኖ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አከራይ ውሃ በሰዓት ይለቃል፤ መብራት አብርታችሁ አታምሹ ይላል፤ ካሰኘው በወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቁ ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በመንግሥት ተመን እንዲሆን የደነገገው ይህን ምሬት አይቶ ነው። ለወሎ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ከአገር ቤት የመጣችን እናት ሁለት ሌሊት ለማሳደር የአከራይ ፊት ማየት! እንግዳ በማስተናገድ ያደገ ሰው ይህን ውርደት አይለምደውም። የራስ በር፣ የራስ ሽንት ቤት፣ እናትን ያለ ፈቃድ ማሳደር መቻል ታላቅ ነገር ነው። ዳር የወጣ ቤተሰብ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ እውነቱንም ነው።

ቁልፉ ከተረከቡ በኋላ ግን ሌላ ወጪ ይጠብቃል። የ20/80 ቤት ሲረከቡት በአብዛኛው ግድግዳና ወለሉ ያልተጨረሰ ነው። ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ የኩሽናው ዕቃ፣ የውስጥ በሩ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ቅድመ ክፍያውን ተበድሮ የከፈለ ቤተሰብ እንደገና ተበድሮ ያስጨርሳል። አሁን ለመሄድ የምታስቡ፣ የቤቱን ዋጋ ስታሰሉ ይህን አስገቡበት።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቦሌ አራብሳ ፌርማታ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ገና አልነጋም። ሰልፉ ከብሎኩ ጥግ ተነስቶ አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል። ነጠላ የተከናነበች እናት ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛለች። ጥበቃ ሥራ የሚገባው ሰው ጋቢውን እንደደረበ ነው። ግንባታ ላይ የሚውሉ ልጆች ሲሚንቶ የጠጣ ጫማቸውን ተጫምተው ተደግፈው ቆመዋል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ቆሞ ያንቀላፋል። ሚኒባስ ብቅ ሲል ሰልፉ ይነቃነቃል፤ ተራ አስከባሪው ይጮኻል፤ ረዳቱ ቁጥር ጨርሶ በሩን ይዘጋል። የቀረው ይጠብቃል። አውቶቡስ ከመጣ በአንዴ ብዙ ሰው ያነሳል፤ ካልመጣ ደግሞ ታክሲው መንገዱን ቆራርጦ ይጭንና በአንድ ሒሳብ የሚሄዱበትን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። መገናኛ ሲደረስ ሌላ ሰልፍ አለ። ማታ ደግሞ ይኸው ሁሉ በተገላቢጦሽ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን በቀን 3 ሰዓት ነው። በወር 25 ቀን ለሚሠራ ሰው 75 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ሥራ ቢታሰብ ከ9 የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። ይህ ጊዜ ደመወዝ የለውም። እንዲያውም ሰውየው ራሱ ይከፍልበታል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ የትራንስፖርት ታሪፉም አብሮ ወጥቷል። የዳሩን ኗሪ ይህ ጭማሪ ከመሃሉ ሰው ይበልጥ ይጎዳዋል፤ የሚሄደው መንገድ ረጅም ነውና።

መስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ብዙ ተስፋ ተደርጎበት ነበር። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ናቸው፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ። ካርታውን ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። የካ አባዶና አራብሳ ባቡሩ ከሚያልቅበት ከአያት ወዲያ ናቸው። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱም ከቃሊቲው መጨረሻ ወዲያ። ትልልቆቹ ሰፈሮች የተሠሩት ባቡሩ ካለቀበት ወዲያ ነው። በዚያ ላይ በመለዋወጫ ዕጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመው፣ የሚሠሩትም እየተጨናነቁ ከረሙ። ቤት የሚሠራው መሥሪያ ቤትና መንገድ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ተነጋግረው ቢሠሩ ኖሮ፣ የስንት ሺህ ሰው ማለዳ ይተርፍ ነበር! ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሊታረምም ይችል ነበር።

በአሜሪካ የከተማ ዳር ኑሮ በአብዛኛው በመኪና የተስፋፋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ፣ በኒውዮርክ አቅራቢያ ሌቪትታውን የተባለው ሰፈር ሲገነባ ተመሳሳይ ቤቶች በሺዎች ተደረደሩ። የገባባቸው ሰው ግን በአብዛኛው መኪና ነበረው ወይም ሊገዛ የሚችል ነበር፤ ጥቁሮችም እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። የአዲስ አበባ ዳር ሁለት ዓይነት ሰው ይዟል። አጥር ግቢ ውስጥ ቪላ ሠርቶ በመኪናው የሚመላለስ አለ፤ በአንጻሩ መኪና የማያውቀው፣ በዕጣም ሆነ ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ፈርሶበት ዳር የወጣው አለ። በአገራችን ነገሩ የሚገርመው፣ መኪና የሌለው ሰው ከመሃሉ በጣም ርቆ እንዲኖር መደረጉ ነው።

ሌላ ምስክር ይጨመር። ዕጣ ወጥቶላቸው፣ ቤቱን አስጨርሰው፣ ከዚያ ለሌላ አከራይተው ራሳቸው መሃል ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራዩ ሰዎች በአዲስ አበባ ሞልተዋል። የገዛ ቤታቸውን የጠሉ ሰዎች አይደሉም። መርካቶ የሚሸጥ፣ ሆቴል በሌሊት ተረኛ የሆነ፣ ልጁን የለመደው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ቤቱንና እንጀራውን አንድ ቦታ ማድረግ ስላልቻለ ነው።

ታዲያ ዳር የሚያዋጣው ለማን ነው? ሥራው ዳር ለሆነ ሰው ያዋጣል። ገላን፣ ቂሊንጦ ወይም ቦሌ ለሚ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ኮዬ ወይም አራብሳ ቢኖር ተጠቀመ። እጁ ላይ ሙያ ያለው አናጺ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ብረት በያጅ፣ አዲስ ሰፈር ሲከፈት ሥራ ከሁሉ ቀድሞ ያገኛል፤ ሁሉም ቤት የሚጨረስ ነገር አለው። ምድር ቤት ሱቅ የሚከፍት፣ ዳቦ የሚጋግር፣ አትክልት የሚያመጣም እንዲሁ። የሐብሩን ሽንኩርትና የመርሳን ማንጎ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ትንሽ ዕድል አይደለም። በየቀኑ መሃል ገብቶ የዕለት ጉርሱን ለሚለቅም የቀን ሠራተኛ ግን፣ ዳሩ ከምሳው ላይ እየቀነሰ ያኖረዋል።

ከመንገዱ ሌላ የሚያስቸግረውን ውሃ በአጭሩ እንንካው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ደግሞ በፈረቃውም ላይደርስ ይችላል። ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት የአቅመ ደካማ ሥራ አይደለም። ዕጣ ለወጣላቸው አዛውንቶች ይህ ከታክሲው ይብሳል።

ሦስተኛው ጉርብትናው ነው።

እዚህ ቅሬ የምንለውን አዲስ አበባ ዕድር ይለዋል። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሐዘንተኛውን ሦስት ቀን የማይለይ ጎረቤት ነው። ጎረቤት በገንዘብ አይገዛም፤ በዘመን ነው የሚገኘው። ዳር የወጣ ሰው በቅድሚያ የሚያጣው ይህን ነው። ብሎኩ ውስጥ ደረጃ ላይ ሲገናኝ ሰላም የሚለው ሰው ስሙን አያውቀውም። ወሎየዋ ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው ታጣለች፤ በሩ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

ይህ እያደር ይሻሻላል። ጀሞና የካ አባዶ ላይ የብሎክ ኮሚቴ፣ ከዚያም ዕድር፣ ከዚያም ማኅበርና የጀማዓ ስብስብ እየተቋቋመ መጥቷል። ሰው ካለ ጉርብትና ይበቅላል። ግን ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የታመመ፣ የወለደ፣ የሞተበት ሰው ብቻውን ነው።

በግድ ለተነሳው ሰው ደግሞ ይከፋል። ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ልደታ፣ ቀጥሎም በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካሳንቺስ ሲፈርሱ፣ የብዙ አሥርት ዓመታት ጎረቤታሞች ተበትነዋል። በ2017 ዓ.ም. ከካሳንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ገብተዋል። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን ብዙዎቹ ይመሰክራሉ። ካሳንቺስ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክብ የነበረች ሴት ግን ገላን ጉራ ላይ ምጣዷን ብትጥድ ለማን ታስረክባለች? ደንበኞቿ ቀርተዋል። ልብስ አጣቢዋ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ በየሰዉ ቤት ተመላላሽ የምትሠራዋም ያው ናቸው። የእነዚህ ሴቶች ካፒታል ቦታው ነበር። ካሳ ሲታሰብ ግድግዳው ይቆጠራል፤ ደንበኛው አይቆጠርም። ይህ ትልቅ በደል ነው፤ የሚመለከታቸው ሁሉ ደግመው ሊያስቡበት ይገባል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ይህን አሳልፈውታል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና ሱቅ ተሰባስቦ ነበር። የቤት ኪራዩ እየናረ ሲሄድ ብዙው ሐበሻ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጣ። እነሱን የረዳቸው ሲወጡ ተያይዘው መውጣታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እንጀራ ቤቱም አብሮ ወጣ። ከሐራ የምትሄዱ ልጆችም ከቻላችሁ የአገር ሰው ያለበትን ሰፈር ምረጡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው በከተማ ዳር ይበልጥ እውነት ነው።

አራተኛው መሬቱና ወረቀቱ ነው፤ ገንዘብ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ይህን በደንብ አድምጡ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ቦታ የሚሸጥ ሰው ብዙ ነው። «የአርሶ አደር ይዞታ ነው፣ ካርታው በሂደት ላይ ነው» ይላል ደላላው። ውሉ የመንደር ውል ነው፤ ሦስት ምስክር ፈርሞበት፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይሰጣል። በአንድ ሌሊት ተሠርቶ የሚያድረውን ሕዝቡ ጨረቃ ቤት ይለዋል። ዓመታት ሲያልፉ መብራት ይገባል፣ ውሃ ይገባል፣ ልጆች ይወለዳሉ። ሰውየው ባለቤት የሆነ ይመስለዋል። የካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ወድቀዋል። ከእነሱ ውስጥ መብራትና ውሃ ገብቶላቸው ለዓመታት የኖሩ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎ ለገዳዲን ጨምሮ በዙሪያው ያሉ ከተሞች ተዋህደው ሸገር ከተማ ሲቋቋምም ብዙ ቤት ፈርሷል።

ስለዚህ በአረብ አገር ሙቀትና በሰው ቤት ጉልበት የተገኘን ብር በመንደር ውል ላይ ማፍሰስ አይገባም። ቦታው ካርታ ካለው፣ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፣ ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑ ከመሬት አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረም። ሻጩ ይህን «አያስፈልግም፣ እንተማመን» ካለ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተነሱ። ኮንዶሚኒየም ለምትገዙም አንድ ነገር አለ፤ በዕጣ የደረሰ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስላለበት፣ ጊዜው ሳይደርስ በውክልና የሚደረግ ሽያጭ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

መሬቱ የማን ነበር የሚለው ጥያቄም አለ። ይህ አዳራሽ የገበሬ ልጆች አዳራሽ ነው፤ ነገሩ ይገባዋል። ኮዬ ፈጬ ብሎክ ከመቆሙ በፊት እርሻ ነበር። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ ተነሳ። ካሳው ሲያልቅ ልጁ በገዛ አባቱ ማሳ ላይ በቆመው ፎቅ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረበት ታሪክ ብዙ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለተነሳ ገበሬ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ተሻሽሏል፤ ግን መሬት ለልጅ ልጅ ይበቃል፣ ብር ደግሞ በዋጋ ንረት ይበላል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ አስነስቶ፣ ብዙ ወጣት ሞቶበት ጥር 2008 ላይ የተተወው በዚሁ በመሬት ምክንያት ነው። የካቲት 2011 ላይ ኮዬ ፈጬ ያሉትን ጨምሮ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ፤ ርክክቡም ተጓተተ። ለዓመታት የቆጠበው ባለ ዕጣና መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ ሁለቱም ተበዳይ ሆነው ፊት ለፊት ቆሙ። ዳር ላይ ቤት የምትገዙ ሁሉ፣ ከጎናችሁ ያለውን የቀድሞ ባለ መሬት እንደ ጎረቤት አክብሩት፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ ከሱቁ ግዙ፤ ሠርጉና ልቅሶው ላይ ተገኙ።

አሁን ወደ ሐራ እንመለስ።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራውን የያዘው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነበር፤ ከዚህ ወደ መቀሌ የሚቀጥለውን ደግሞ የቻይና ኩባንያ ያዘው። ለሐዲዱ ማሳቸውን የለቀቁ ገበሬዎች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም። የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ሥራው ተጓተተ፤ የተሠራውም ተጎዳ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙባት ግን ሐራ ናት። ባቡሩ የሚንቀሳቀስበት ቀን ሲመጣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ መጋዘኑ፣ ሆቴሉ ይመጣል። ያኔ ሐራም የራሷ ዳር ይኖራታል።

ሥራ ቀድሞ ቤት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ሐዋሳ አሳይታለች። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ከገጠር በሺዎች የመጡ ልጃገረዶች ማደሪያ አጡ፤ ኪራይ ናረ፤ አራትም አምስትም እየሆኑ አንድ ክፍል ተከራዩ። ሐራ ይህን ሳይደርስባት የማየት ዕድል አላት። የአዲስ አበባን ጉድለትም እንዲሁ፤ እዚያ ቤቱ ቀድሞ መንገዱ ቀረ፣ ብሎኩ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ቀረ፣ ግድግዳው ሲቆጠር ደንበኛው ሳይቆጠር ቀረ።

ስለዚህ እዚህ ሐራ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ወገን ያለው ቦታ ገና ሳይሸነሸን፣ የትምህርት ቤቱ፣ የጤና ጣቢያው፣ የገበያውና የመናኸሪያው ቦታ በካርታ ላይ ተለይቶ ይቀመጥ። ገበያዋ የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ መገናኛ ነውና ከብቱና ግመሉ የሚቆምበት ሜዳ ለሕንፃ እንዳይታሰብ አሁኑኑ ይወሰን። መሬቱን የሚለቅ ገበሬ ከካሳው ሌላ በአዲሱ ሰፈር ውስጥ የሱቅ ወይም የቤት ቦታ ይድረሰው፤ ልጁ የመጋዘኑ ባለ ድርሻ እንጂ ዘበኛው ብቻ አይሁን። በመንደር ውል የሚሸጥ ቦታ ካለ ቀበሌውና ሽማግሌዎቹ ዛሬ ይናገሩ፤ ቤት ከተሠራበት፣ ልጅ ከተወለደበት በኋላ መናገር ቤት ማፍረስ ነው የሚያመጣው። ወልድያና መርሳም ወደ ጎን እየሰፉ ስለሆነ ይህ ጉዳይ የሐራ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱ ከተሞች ባለሙያዎቻቸውን አቀራርበው የመንገዱንና የሠፈሩን ነገር አብረው ቢነጋገሩበት ይበጃል።

ለመሄድ የወሰናችሁ ወጣቶች ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሥራው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ቤቱን ከዚያ በኋላ። ከኪራዩ ላይ የታክሲውን ጨምሩበት፣ ከታክሲው ላይ ሰዓቱን። የምትቀበላችሁ እህት ወይም አጎት ቤት አንድ ሳምንት ተቀመጡና ከእነሱ ጋር በማለዳ ተሰለፉ። አዳራሹ ውስጥ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ኖረው የተመለሱ፣ አሁንም ቤታቸው እዚያ የሆነ ሰዎች መኖራቸውን አስተባባሪዎቹ ነግረውናል፤ የሚቀጥለው ሰዓት የእነሱ ነው።